ማክዶናልድ ሃይላንድስ ወይስ አስካያ? በሄንደርሰን ተራራ ግርጌ ቤት ለሚገዙ የተዘጋጀ መመሪያ

በኔቫዳ ግዛት፣ ከላስ ቬጋስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው የሄንደርሰን ከተማ፣ የማክኩላ ተራሮች ወደ ሸለቆው በሚወርዱበት ተዳፋት ላይ ሁለት የታወቁ የቅንጦት መኖሪያ መንደሮች ተጎራብተው ተቀምጠዋል። በሁለቱም መግቢያ ላይ የጥበቃ ሠራተኛ ቆሞ ገቢውን ይጠይቃል፤ ከሁለቱም ማታ ማታ የስትሪፕ፣ ማለትም የላስ ቬጋስ ትልልቅ ሆቴሎችና ካዚኖዎች የተሰለፉበት ጎዳና፣ መብራት ቁልቁል ይታያል፤ በሁለቱም የቤት ዋጋ የሚቆጠረው በሚሊዮን ዶላር ነው። ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድሩት እነዚህን ሦስት ነገሮች ስለሆነ፣ ሁለቱን መንደሮች አይተው ሲመለሱ ልዩነታቸውን ለመናገር ይቸገራሉ። ትክክለኛው ልዩነት ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ከመስኮትዎ ፊትና ከግቢዎ ጀርባ ያለው መሬት የማን ነው፣ ባለቤቱስ ወደፊት ምን ሊሠራበት ይችላል? ይህ መመሪያ ከሁሉ በላይ የሚያተኩረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሁለቱ መንደሮች አመሠራረት

ቀድሞ የተመሠረተው ማክዶናልድ ሃይላንድስ ነው። መንደሩ ወደ 1,300 ኤከር በሚጠጋ መሬት ላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ ድራገንሪጅ የተባለ ባለ 18 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ በመካከሉ ይጠማዘዛል። ቤቶቹ በተለያየ ጊዜና በተለያየ ስልት የተሠሩ ናቸው፤ የሸክላ ክዳን ያላቸውና የሜዲትራኒያንን አሠራር የሚከተሉ ቀደምት ቤቶችም፣ ጠፍጣፋ ጣሪያና ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ መስታወት ያላቸው አዳዲስ ቤቶችም ይገኙበታል። በመሆኑም ገዢው ሠርቶ መግባት ብቻ ሳይሆን ያለቀ ቤት ገዝቶ ወዲያውኑ የመግባት ምርጫ አለው።

አስካያ ታሪኩ የተለየ ነው። መጀመሪያ ክሪስታል ሪጅ በሚል ስም የተጀመረ ሲሆን፣ ተራራው በፈንጂ እየተናደና እየተቆረጠ በእርከን መልክ ተስተካክሎ 313 የቤት መሥሪያ ቦታዎች ወጡበት። የአሜሪካ የቤት ገበያ በ2008 ሲናጋ ሥራው ቆመ፤ እርከኖቹ ለዓመታት ባዷቸውን ከቆዩ በኋላ በአዲሱ ስም እንደገና ለገበያ ቀረቡ። ጎልፍ ሜዳ የለውም፤ ነዋሪዎች የሚገለገሉበት ክለብ ሃውስ ግን አለው። የቤቶቹ ንድፍ ዘመናዊውን የበረሃ አሠራር እንዲከተል ስለሚጠየቅ፣ የሸክላ ክዳን ወይም ያጌጠ ዓምድ የሚወድ ሰው ቦታ ከመምረጡ በፊት የማኅበሩን የንድፍ መመሪያ ሊያነብ ይገባል። ከፍታው በሻጮች ዘንድ ትልቁ መኩሪያ ሲሆን፣ ላይኞቹ እርከኖች ከስትሪፕ ወደ 300 ሜትር ገደማ ከፍ ይላሉ።

በአጭሩ፣ በአንደኛው መንደር የሚገዛው በአብዛኛው ቤት ነው፤ በሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶ ቦታ ተገዝቶ ከዚያ በኋላ ግንባታ ይከተላል። ከዚህ በታች የሚነሳው ጉዳይ ሁሉ ከዚህ ልዩነት ጋር የተያያዘ ነው።

ከፊትዎ ያለው መሬት የማን ነው?

በማክዶናልድ ሃይላንድስ ብዙ ቤቶች ፊታቸውን ወደ ጎልፍ ሜዳው አዙረዋል። ሻጩ «ከፊትዎ ማንም አይሠራም» ሲል በቅን ልቦና ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ ግን እንዲህ ያለውን ቃል አያውቀውም። በዚሁ መንደር ውስጥ የተነሳ አንድ ክርክር እስከ ኔቫዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2018 ውሳኔ አግኝቷል። ጉዳዩ በቀላሉ ሲገለጽ፣ አንድ ባለይዞታ ከጎልፍ ሜዳው ዳርቻ ትንሽ ቁራሽ መሬት ገዝቶ ከቦታው ጋር ሲቀላቅል፣ የጎረቤቱ ቤት ባለቤቶች ወደ ሜዳው ያላቸው እይታና የግል ገመናቸው እንደሚነካ ገልጸው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ግን በጽሑፍ ያልሰፈረ፣ በልማድ ወይም በግምት ብቻ የሚጸና የእይታ፣ የብርሃንና የገመና መብት በኔቫዳ ሕግ እንደማይታወቅ በማስረዳት ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። እንግዲህ በዚህ መንደር ቤት የሚገዛ ሰው ይህ ውሳኔ የተሰጠው በገዛ ሰፈሩ ጉዳይ ላይ መሆኑን ሊያስብ ይገባል።

ጎልፍ ሜዳው ራሱም ቢሆን ለዘላለም ጎልፍ ሜዳ ሆኖ እንደሚቀጥል ዋስትና የለውም። በላስ ቬጋስ ምዕራባዊ ክፍል፣ ክዊንስሪጅ በተባለው ሰፈር መካከል የነበረው የባድላንድስ ጎልፍ ሜዳ በ2015 ለአልሚ ከተሸጠ በኋላ ተዘጋ፤ ነዋሪዎች፣ ከተማውና አልሚው ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲከራከሩ፣ በሜዳው እይታ ያማሩ የነበሩ ቤቶች ፊት ለፊታቸው የደረቀ ሣር ሲያዩ ኖሩ። በመጨረሻም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 ከሜዳው አንዱን ክፍል በሚመለከት ከተማው ለአልሚው ወደ 48 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንዲከፍል የተወሰነውን ፍርድ አጽንቷል። ይህን የምናነሳው ድራገንሪጅም ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥመዋል ለማለት አይደለም። የሜዳው ባለቤትና የቤቶቹ ባለቤቶች የተለያዩ አካላት ሲሆኑ ምን ሊከተል እንደሚችል ለማሳየት ነው። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ጎልፍ ሜዳው በአሁኑ ጊዜ የማን እንደሆነ፣ በምን ዓይነት የመሬት አጠቃቀም ደረጃ እንደተመዘገበ፣ በላዩ ላይ የተመዘገበ የግንባታ ክልከላ ስለመኖሩና ክልከላው ጊዜው የሚያበቃ ስለመሆኑ ጠበቃዎ እንዲያጣራ ያድርጉ። የክለቡ አባልነትም ከቤቱ ጋር የሚመጣ አድርገው አይቁጠሩት፤ የመግቢያውና የየወሩ ክፍያ ለብቻው ተጠይቆ በበጀት ሊያዝ ይገባዋል።

በአስካያ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። እዚያ ከፊትዎ ያለው ሣር ሳይሆን ያልተሠራ እርከን ነው። እርከን መሆኑ የሚያስገኘው ጥቅም አለ፦ ከታች የሚሠራው ቤት ጣሪያ ከእርስዎ ወለል እንዳያልፍ ታስቦ የተቆረጠ ከሆነ እይታው ይጠበቃል። ነገር ግን «ታስቧል» ማለትና «ተመዝግቧል» ማለት ይለያያሉ። በቀጥታ ከታችዎ ላለው ቦታ የተፈቀደውን ከፍተኛ የሕንፃ ቁመት፣ ከባሕር ጠለል በላይ በሚለካ ቁጥር እንጂ በፎቅ ብዛት ሳይሆን፣ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚያም ቀያሽ ይዘው ቁጥሩን ከሚገዙት ቦታ ወለል ጋር ያነጻጽሩት። ከጎን ያሉት ባዶ ቦታዎችም አንድ ቀን ይሠራሉ። በዚህ ደረጃ ያለ ቤት ግንባታ አንድ ዓመት የማይበቃው በመሆኑ፣ ቀድሞ የገባ ቤተሰብ ለረጅም ጊዜ ከድንጋይ መሰርሰሪያ ድምፅና ከአቧራ ጋር እንደሚኖር መገመት አለበት። ጸጥታ ፈልጎ ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከጀርባ ያለው ተራራ ደግሞ ለሁለቱም መንደሮች የጋራ ጥያቄ ነው። ከእነዚህ ተዳፋቶች በስተ ደቡብ፣ በ2002 በፌዴራል ሕግ ሲከለል ወደ 48 ሺህ ኤከር ይጠጋ የነበረው የስሎን ካንየን ጥብቅ ስፍራ ይገኛል፤ በውስጡም ግንባታ ፈጽሞ የማይፈቀድበት የሰሜን ማክኩላ ምድረ በዳ አለ። ከቤትዎ ጀርባ የሚታየው ጉብታ ግን የግድ የዚህ ክልል አካል ነው ማለት አይደለም፤ የከተማው፣ የማኅበሩ ወይም ለሚቀጥለው ምዕራፍ ያቆየው የአልሚው መሬት ሊሆን ይችላል። ይህን ማጣራት ምንም ወጪ የለውም። የክላርክ ካውንቲ የንብረት ገማች መሥሪያ ቤት ካርታ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ቁራሽ መሬት ነክተው የባለቤቱን ማንነት ማንበብ ይቻላል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው ይህ ቢሆንም፣ ብዙ ሰዎች የሚያደርጉት ከገዙ በኋላ ነው።

ውዱ እይታና ከባዱ ፀሐይ

ስትሪፕ ከሁለቱም መንደሮች ሲታይ በሰሜን ምዕራብ አቅጣጫ ነው። በሙቀቱ ወራት ፀሐይ የምትጠልቀውም ወደዚያው ነው። ስለሆነም ለእይታው ተጨማሪ ገንዘብ የተከፈለበት ትልቁ መስታወት፣ ቀኑ እጅግ በሚግልበት ሰዓት ፀሐይን ፊት ለፊት የሚቀበለው መስታወት ራሱ ነው። በላስ ቬጋስ አውሮፕላን ማረፊያ በሐምሌ 2024 የተመዘገበው ሙቀት 120 ዲግሪ ፋረንሃይት፣ ማለትም ወደ 49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ደርሶ ነበር። ስለዚህ ቤቱን ማታ መብራቱ ሲያምር ብቻ ሳይሆን፣ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀራት ገብተው ሳሎኑ ውስጥ ይቀመጡ። የጣሪያው ጥላ ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚዘረጋ፣ መስታወቱ ሙቀት የሚመልስ ስለመሆኑ፣ በረንዳው በዚያ ሰዓት ሰው የሚያስቀምጥ ስለመሆኑ ይመልከቱ። ያለቀ ቤት የሚገዛ ሰው ያለፉትን አሥራ ሁለት ወራት የመብራትና የውሃ ደረሰኝ ከሻጩ ሊጠይቅ ይችላል፤ ባዶ ቦታ የሚገዛ ሰው ይህ ዕድል ባይኖረውም፣ በምትኩ ቤቱን ገና ከንድፉ ጀምሮ ለፀሐይዋ በሚስማማ መንገድ ማዞር ይችላል። አስካያ ከሚያስገኛቸው ጥቅሞች መካከል በእኔ አስተያየት ትልቁ ይህ ነው፤ ሻጮች ግን እምብዛም አያነሱትም።

ውሃን በተመለከተ፣ ደቡባዊ ኔቫዳ ከውሃው 90 በመቶ የሚሆነውን የሚያገኘው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ ማለትም ከሚድ ሐይቅ ነው። በ2021 የወጣው የግዛቱ ሕግ ከ2026 መጨረሻ በኋላ ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሣርን በዚህ ውሃ ማጠጣትን ይከለክላል። ክልከላው የግል ቤቶችን ግቢ ባይመለከትም፣ የመንደር መግቢያዎችንና የመንገድ ዳር የጋራ ሣርን ይመለከታል። የመተኪያው ወጪ የሚወጣው ከማኅበሩ ካዝና ስለሆነ፣ ሥራው ተጠናቆ እንደሆነና ገንዘቡ ከየት እንደተከፈለ ይጠይቁ። ክላርክ ካውንቲም በ2022 አዳዲስ የግል መዋኛ ገንዳዎች ከ600 ካሬ ጫማ እንዳይበልጡ ደንብ አውጥቷል። ሄንደርሰን የራሱ አስተዳደር ያለው ከተማ በመሆኑ በሚገዙት ቦታ ላይ የሚሠራውን ደንብ ከከተማው መሥሪያ ቤት በቀጥታ ያረጋግጡ፤ ትልቅ ገንዳ የሚያልም ሰው ቀድሞ የተሠራ ቤት ቢያገኝ ይሻለዋል።

ድንጋዩና ጎርፉ

በዓመት አሥር ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ በሚዘንብበት አገር ስለ ጎርፍ ማሰብ እንግዳ ይመስላል። ነገር ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚመጣው ድንገተኛ ዝናብ ውሃ በማይመጥ ድንጋይ ላይ ሲወርድ ፈፋውን ሁሉ በደቂቃዎች ይሞላዋል። የክላርክ ካውንቲ የጎርፍ መቆጣጠሪያ ባለሥልጣን በ1985 የተቋቋመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቦታው በጎርፍ ቀጠና ካርታ ላይ የት እንደሚገኝ፣ ከበላይ የሚወርደው ውሃ በየትኛው ቦይ እንደሚያልፍ፣ ቦዩን የሚጠርገውም ከተማው ወይስ ማኅበሩ እንደሆነ ይጠይቁ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ የጎርፍ ጉዳትን እንደማይሸፍን አይዘንጉ።

መሬቱን በሚመለከት፣ በተቆረጠ ዓለት ላይ የቆመ ቤትና በተሞላ አፈር ላይ የቆመ ቤት አንድ አይደሉም፤ በተዳፋት ላይ የተስተካከለ አንድ ቦታ ግማሹ ቁርጥ፣ ግማሹ ሙሌት ሊሆን ይችላል። የአፈር ምርመራ ዘገባውን ጠይቀው በራስዎ መሐንዲስ ያስነብቡ። በዚህ ሸለቆ ካሊቺ የሚባል እንደ ኮንክሪት የጠነከረ የኖራ ንጣፍ የተለመደ ስለሆነ፣ ለመዋኛ ገንዳም ሆነ ለምድር ቤት ቁፋሮ የሚጠየቀው ዋጋ በውሉ ላይ ቁርጥ ተደርጎ ካልተጻፈ ግንባታው ከተጀመረ በኋላ ሊያሻቅብ ይችላል።

የማኅበሩ ወረቀት

ሁለቱም መንደሮች የሚተዳደሩት በቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ በተለምዶ ኤች ኦ ኤ በሚባለው ነው፤ ማኅበራቱም የኔቫዳ ሕግ ምዕራፍ 116 ይገዛቸዋል። ያለቀ ቤት ከግለሰብ ሲገዛ ሻጩ የማኅበሩን ደንብ፣ በጀት፣ የመጠባበቂያ ገንዘብ መግለጫና ያልተከፈለ ዕዳ የሚያሳይ ጥቅል ሰነድ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ገዢውም ሰነዱ ከደረሰው ቀን በኋላ ባሉት አምስት ቀናት ውስጥ በጽሑፍ አስታውቆ ውሉን መሰረዝ ይችላል። አምስቱ ቀናት ቅዳሜና እሑድን ይጨምራሉ። ከአልሚው በቀጥታ ሲገዛም አምስት ቀን አለ፤ ሆኖም ገዢው ቦታውን በአካል ያየ ከሆነ ይህ የመሰረዝ መብት አይሠራም። ቦታውን ሳያይ የሚገዛ ሰው ብዙም ስለማይኖር፣ በተግባር ሲታይ ከአልሚ የሚገዛ ሰው ሰነዱን አንብቦ መጨረስ ያለበት ከመፈረሙ በፊት ነው።

በሰነዱ ውስጥ በጥንቃቄ የሚነበበው የወርሃዊ መዋጮው መጠን ብቻ አይደለም። በበር የተከለለ መንደር መንገዱ፣ መብራቱና የጥበቃው ደመወዝ የነዋሪው ወጪ ስለሆነ፣ ዋናው ነገር መጠባበቂያው ነው። ሕጉ ማኅበሩ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ የመጠባበቂያ ገንዘብ ጥናት እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ የመጨረሻውን ጥናት ጠይቀው፣ መቀመጥ ከሚገባው ገንዘብ ምን ያህሉ በእርግጥ እንደተቀመጠ ይመልከቱ። መንገዱ ያረጀና መጠባበቂያው የሳሳ ማኅበር አንድ ቀን ልዩ መዋጮ መጠየቁ አይቀርም። በአስካያ በኩል ደግሞ ሌላ ስሌት አለ፦ ያልተሸጡት ቦታዎች ድርሻ በማን እንደሚከፈልና አልሚው ድጎማውን ሲያቆም የእያንዳንዱ ባለቤት መዋጮ ወዴት እንደሚያመራ ይጠይቁ። ቦታ ገዝቶ ሳይሠራ የሚያቆይ ሰውም፣ ደንቡ ቀድሞ የጊዜ ገደብ አስቀምጦ ከሆነ፣ በዘገየ ቁጥር ቅጣት እንዲከፍል ሕጉ ይፈቅዳል። የከተማው የመሠረተ ልማት ዕዳ በቦታው ላይ የቀረ መሆን አለመሆኑም በዚሁ ጊዜ ይጣራል።

በሩና እንግዶችዎ

የጥበቃው በር ለእኛ ማኅበረሰብ የሚያነሳው የተለየ ጥያቄ አለ። በላስ ቬጋስ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ ክላርክ ካውንቲም በ2023 አንዱን አካባቢ ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሰይሞታል። ክርስትናና ምርቃት ቀናቸው አስቀድሞ ስለሚታወቅ የእንግዶችን ዝርዝር ለጥበቃው መስጠት አያስቸግርም። ለቅሶ ግን ቀጠሮ የለውም። መርዶ በተሰማ ዕለት ያልተመዘገቡ መቶ መኪኖች በሩ ላይ ቢሰለፉ ጥበቃው ምን ያደርጋል? መንገድ ዳር ማቆም ይፈቀዳል ወይስ መኪና ይነሳል? ሌሊት ማደር ለሚፈልጉ ዘመዶችስ ፈቃዱ ለስንት ቀን ነው? ይህን ከማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ እናትና አባትዎ ከእርስዎ ጋር የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ቋሚ እንግዶቻቸውን በራሳቸው ስም ማስመዝገብ ይችሉ እንደሆነ አያይዘው ያንሡ። ስለ በሩ እውነተኛ ጠባይ ከሻጩ ይልቅ በየቀኑ መንገደኛ የሚያደርሱ ባለታክሲ ወንድሞቻችን የተሻለ መረጃ አላቸው። የበሩ ጥበቃ የሚይዘው መንገዱን እንጂ ተራራውን አለመሆኑንም ልብ ይበሉ፤ በጀርባ በኩል ያለው የእግር መንገድ ክፍት ከሆነ ለግቢው ሌላ አጥር ያስፈልገዋል።

ግብር

ኔቫዳ የግዛት ገቢ ግብር የላትም። የንብረት ግብር የሚሰላው ከታክስ ግምቱ 35 በመቶ ላይ ነው፤ ለምሳሌ ግምቱ 4 ሚሊዮን ዶላር ቢሆን 1.4 ሚሊዮኑ ላይ ይሰላል፤ የአካባቢው ምጣኔ 3 በመቶ ነው ብንል በዓመት 42 ሺህ ዶላር ይሆናል። ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት ላይ ዓመታዊው ጭማሪ ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ ሕግ ይገድባል፤ በሌላ ንብረት ላይ ግን እስከ 8 በመቶ ሊደርስ ይችላል። አዲስ ግንባታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገመት ገደቡ አይመለከተውም። በዚህ ምክንያት ለዓመታት በገደቡ ሲጠበቅ የቆየ የማክዶናልድ ሃይላንድስ ቤት፣ ዛሬ ተሠርቶ ከሚያልቅ ተመሳሳይ ዋጋ ያለው የአስካያ ቤት ያነሰ ግብር ሊከፈልበት ይችላል። ከገዙ በኋላ ከገማች መሥሪያ ቤቱ የሚላከውን ካርድ ሞልተው ካልመለሱ ቤቱ በከፍተኛው ገደብ ሊታይ ስለሚችል ፖስታውን አይጣሉት። የስም ማዛወሪያው ግብር በክላርክ ካውንቲ ለእያንዳንዱ 500 ዶላር 2 ዶላር ከ55 ሳንቲም ነው፤ ለ4 ሚሊዮን ዶላር ግዢ 20,400 ዶላር ይመጣል፤ ማን እንደሚከፍለው በድርድር ይወሰናል።

የእኔ ምክር

ትምህርት ቤት የጀመሩ ልጆች ያሉት፣ ቤቱ ሰው የማይታጣበትና በዚህ ዓመት መግባት የሚፈልግ ቤተሰብ ማክዶናልድ ሃይላንድስን ቢያስቀድም ይበጀዋል፤ ከጎልፍ ሜዳው ፊት ካለው ቤት ይልቅ ግን በተመዘገበ ክልከላ ከተጠበቀ ኮረብታ ጋር የሚዋሰነውን ቢመርጥ እመርጥለታለሁ። ልጆቹ ያደጉለት፣ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚጠብቅበት ሌላ ቤት ያለው፣ አርክቴክት መቅጠርና ከመሐንዲስ ጋር መሟገት የማይሰለቸው ሰው አስካያን ይመልከት፤ የሚመርጠውም ቦታ በሁለት ጎኑ ቤት ተሠርቶ ያለቀበት ቢሆን ይሻላል። በሁለቱም ሁኔታ የሚወዱትን አንድ ቦታ ከለዩ በኋላ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከማስያዝዎ በፊት የዙሪያውን ቁራሽ መሬት ሁሉ ባለቤቶች ስም በአንድ ወረቀት ላይ አስፍረው ለጠበቃዎ ይስጡት።